በልዋጭ የመጡ ሰዓቶች

ሰበታ ላይ፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ደጃፉ ላይ ባልዲና ሳፋ ተደራርቦ የሚታይ ሱቅ አለ። የመብሩካ ሱቅ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ ነው ብሎ ያልፋል፤ አልተሳሳተም። ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ክፍል ያየ ሰው ግን ቶሎ አይወጣም።

እዚያ ግድግዳው ሁሉ ሰዓት ነው። የእንጨት ሳጥን ያላቸው የግድግዳ ሰዓቶች አሉ፤ አናታቸው ላይ ሁለት ደወል የተሸከሙ የጠረጴዛ ሰዓቶች አሉ፤ በወታደር ካፖርት ኪስ ውስጥ ያረጁ የኪስ ሰዓቶች በምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። ከሥራቸው ባለው መደርደሪያ ላይ ቀያሾች መሬት የሚለኩበት የነሐስ መነጽር ከነሦስት እግሩ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቆጣሪው ወደ ግራ የሚያዘነብል ባሮሜትር፣ የወርቅ ሚዛን፣ ከየት ትምህርት ቤት እንደወጣ የማይታወቅ ማይክሮስኮፕ ተቀምጠዋል። አንዱም በገንዘብ አልተገዛም። ሁሉም የመጡት በልዋጭ ነው።

መብሩካ ከስልጤ መጥተው ሰበታ የከተሙ ነጋዴ ልጅ ናት። ልዋጮች ባልዲውንና ጆጉን ከእሷ ይወስዱና በየሰፈሩ እየጮሁ በአሮጌ ልብስ፣ በጫማ፣ በብረታ ብረት ይለውጡታል። ልብሱም ብረቱም ወደ መርካቶ ይሄዳል። ሰዓት ከሆነ ግን፣ ወይም ቁጥር ያለበት ምንነቱ የማይታወቅ ዕቃ ከሆነ፣ መጀመሪያ መብሩካ ሳታየው የትም አይሄድም። ይህን የሚያውቁት ልዋጮች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም ግን ደቻሳን የሚያህል የለም። ደቻሳ ዛሬ ቡራዩ ከሆነ ነገ ሱሉልታ ነው፤ ከነገ ወዲያ መናገሻ። ሲመጣ ጆንያውን ከመዘርገፉ በፊት ወሬውን ይዘረግፋል።

«አዴ መብሩካ፣ አካም ቡልቴ? ዛሬ ሬሳ ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

«አንተ ሰውዬ! የምን ሬሳ?»

ከጆንያው ውስጥ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሰዓት ያወጣል። «ልቧ የቆመ። ወይ ቅበሪያት ወይ አስነሺያት፤ እኔ ግን ሁለት ሳፋዬን።»

«አንድ ሳፋና አንድ ጆግ።»

«ሱሉልታ ድረስ በእግሬ የሄድኩት በጆግ ነው?»

«በእግርህ? ትናንት ከሚኒባስ ስትወርድ ያዩህ ሰዎች አሉ።»

ደቻሳ ይስቃል። ጆጉንና ሳፋውን ይዞ ይሄዳል፤ ግን ሲወጣ አንዲት ኩባያ ለምራቂ ብሎ መውሰዱ አይቀርም። እሷም አይታ እንዳላየች ታልፈዋለች።

ይህ ሁሉ የተጀመረው መብሩካ ልጃገረድ ሳለች ነው። እናቷ ለጉዳይ ወጣ ባሉበት አንድ ደህና ጆግ ሰጥታ የማይሠራ የጠረጴዛ ሰዓት ተቀበለች። እናቷ ሲመለሱ፣ «የሞተ ሰዓት በደህና ጆግ? ምን ነካሽ ልጄ?» ብለው ጮኹባት። ሰዓቱን በሻሿ ጠቅልላ በሰው በረንዳ ላይ የመስታወት ሳጥን ይዞ ወደሚቀመጥ ወጣት ሰዓት አዳሽ ወሰደችው። ወጣቱ ሰዓቱን አላየውም፤ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሰማው።

«ጠዋት ማን ነው የሚቀሰቅስሽ?» አላት።

«እናቴ።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እናትሽ ይረፉ።»

ወጣቱ ሙአዊያ ነበር። ከተጋቡ በኋላ የመስታወት ሳጥኑን ወደ ሱቋ በረንዳ አመጣው። ሥራውን ተከፋፍለውት ነበር፤ አፉ የእሷ፣ እጁ የእሱ። ሙአዊያ በዕቃ ላይ መከራከር አይችልም፤ የጠሩለትን ይሰጣል። መብሩካ ደግሞ የሰዓት ሆድ ከፍታ አታውቅም። መሣሪያዎቹን ራሱ ያገኘችለት እሷ ናት። ድሮ ፒያሳ ይሠሩ የነበሩ የአንድ ሽማግሌ ሰዓት አዳሽ ዘመዶች ቡራዩ ላይ ቤታቸውን ሲለቁ፣ ደቻሳ ጠቁሟት ሄዳ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑትን ጠመንጃ መፍቻዎች፣ ወረንጦዎቹን፣ ዓይን ላይ የሚገጠመውን ማጉያና አሻንጉሊት የምታህል ቶርኖ በአንድ ትልቅ የውኃ በርሜል ለውጣ መጣች። ሙአዊያ ቶርኖዋን ሲያያት ልክ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ነው የተቀበላት።

ከሁለት ክረምት በፊት ሙአዊያ በአጭር ሕመም ሞተ። ሰዓቶቹ ግን በአንድ ቀን አልቆሙም። እያንዳንዱ እሱ የሞላለት እስኪያልቅ ድረስ ሄደ። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ዝም አለ። መብሩካ መጋረጃውን ዘግታ ከፊት ባልዲ ትሸጣለች፤ ከኋላ የሚሰማው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ጨርሶ ጠፋ። «ለምን አትሞያቸውም?» ሲሏት፣ «እንዳላበላሻቸው» ትላለች። ደቻሳም የሚያመጣውን ማምጣት አልተወም፤ እሷም መቀበሉን አልተወችም። ግን እንደመጣ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል እንጂ የሚነካው የለም።

በዚህ መሀል ነው መምህር ይገዙ የመጡት።

መምህር ይገዙ ከወላይታ ገና በልጅነታቸው ወደ ሰበታ የመጡ፣ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው እዚያው አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ገነት ከሙአዊያ ጥቂት ቀድመው ነው የሞቱት። መብሩካ በትራቸው ደረጃውን ሲያንኳኳ ሰምታ ወጣች።

«መምህር፣ ቀስ ይበሉ፣ ደረጃ አለ።»

«አውቀዋለሁ። ሲሠራ ከፍ ብሏል ብዬ የተናገርኩ እኔ ነኝ፤ የሰማኝ ግን የለም።»

ወንበር ሰጠቻቸው። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

«ሙአዊያ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንድ ነገር ቃል ገብቶልኝ ነበር፤» አሉ። «እስከ ዛሬ አፍሬ አልጠየቅኩሽም። አሁንም የማይሆን ከሆነ ግድ የለም።»

መብሩካ ነገሩን አልረሳችውም። ገነት በሞቱ ሰሞን መምህሩ መጥተው የሚደውል ሰዓት ፈልገው ነበር፤ ሙአዊያም ከግድግዳው ላይ አንዷን አውርዶ አጽድቶ፣ «ይቺ የመምህር ይገዙ ናት፣ ማንም እንዳይነካት» ብሎ ለብቻዋ ሰቅሏታል። ሳያደርስላቸው ታመመ።

«ስልክዎ ሰዓት ይናገራል አይደል እንዴ?» አለቻቸው።

«ይናገራል። ስጠይቀው። ገነት ሳልጠይቃት ነበር የምትነግረኝ። ‹ሦስት ሆነ እኮ፣ አልተነሣህም?› ትለኛለች። ‹ዘጠኝ ነው፣ አሁን ከተኛህ ሌሊቱን ትቆጥረዋለህ› ትለኛለች። እኔ ያጣሁት ሳይጠየቅ የሚናገር ሰዓት ነው።»

ከዚያ ችግራቸውን ነገሯት። ብርሃን ለማያይ ሰው ቀኑ ካልተነገረው ሌሊቱ ይገባበታል። ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት ይነሣሉ፤ ሁለት ጊዜ በእኩለ ሌሊት ከቤት ሊወጡ ሲሉ ጎረቤት መልሷቸዋል። ልጃቸው ማርቲ ገላን ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ልውሰድህ ትላለች።

«ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤» አሉ። «ፈርታ ነው። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ምን አለ? ነፋስ። እዚህ እያንዳንዱን ድንጋይ አውቀዋለሁ። እዚያ ከሄድኩ ሁለተኛ ብቻዬን ከደጅ አልወጣም። ‹ቀንና ሌሊትህን ካስተካከልክ ትቆያለህ፣ ካልሆነ ይዤህ እሄዳለሁ› ብላኛለች። ተስማምተናል።»

የዚያን ዕለት መብሩካ ሰዓቷን አወረደች። ፊቷ ላይ ሁለት የቁልፍ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቀኙ ለመሄጃው፣ ግራው ለደወሉ። ቁልፉን ከትታ ስታዞረው ጠር፣ ጠር የሚለውን ድምፅ ሰምታ እጇ ቆመ። ሙአዊያ ሲሞላቸው ከፊት ሱቁ ውስጥ ሆና የምትሰማው ድምፅ ነበር። ደግሞ አዞረችው። ተወዛዋዡን በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ሰዓቷ ሄደች።

ትዘግይ ትፍጠን ለማወቅ ከስልኳ ጋር አስተያየቻት። ስልኳ እንደ ሰው ሁሉ ስልክ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያሳየው፤ ቁጥር በቁጥር ማመሳከሩ ስለሚቀል ሰዓቷንም እንደዚያው ሞላቻት። ጥቂት ቀን እዚያው ክፍል አቆየቻት። ስትደውል ትሰማለች፤ ግን ስንት እንደምትደውል አልቆጠረችም። ደንበኛ ከፊት እየተጣራ፣ ደቻሳ ከጎን እየቀባጠረ ማን ይቆጥራል? መደወሏ ብቻ በቃት።

መምህሩ ቤት ወስዳ በርጩማ ላይ ወጥታ ስትሰቅላት፣ መምህሩ ጆሯቸውን አዘንብለው ከሥር ቆሙ።

«ታነክሳለች፤» አሉ።

እውነትም አንዱ ምት ረዘም፣ አንዱ አጠር ይላል። መብሩካ ሳጥኑን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋችው።

«አሁንም። ትንሽ… ትንሽ… እዚያ! አሁን በሁለት እግሯ ሄደች።»

ልትወርድ ስትል ነው ፊቷን አይታ፣ ‹ውይ፣ ይሄ የፈረንጅ ነው› ያለችው። አጭሩ ቆጣሪ አሥር ሰዓት ላይ መሆን ሲገባው አራት ላይ ነው። የፈረንጅንና የእኛን የሚለየው ግማሽ ዙር ብቻ ነው፤ በዚህ አገር የእጅ ሰዓቱን እያየ ማዶ ያለውን ቁጥር የማያነብ ማን አለ? መብሩካ አጭሩን ቆጣሪ ብቻ በጣቷ ገፍታ ወደ ማዶ አዞረችው። አራት የነበረው አሥር ሆነ። አለቀ። በሠራችው ደስ ብሏት በርጩማው ላይ እንዳለች ፈገግ አለች። የሙአዊያን ቃል አድርሳለች።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ደቻሳ ጆንያውን ሳያወርድ፣ ሰላምታውንም ሳይጨርስ፣ «አዴ መብሩካ፣ ሰዓትሽ መምህሩን አሳበዳቸው ይሉሻል!» አላት።

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

«አገር ነዋ! ጸሎት ቤቱ ደጅ ላይ ዝናብ ሲወርድባቸው ነው የተገኙት።»

የሆነው እንዲህ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ መብራትም ጠፍቶ የመምህሩ ስልክ ሞቷል። ሲነቁ ያደሩ ይሁን ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው የነቁ ይሁን አላወቁም። ያን ጊዜ ሰዓቷ ሰባት መታች። ስምንት ሰዓት ላይ የጸሎት ስብሰባ ነበራቸው። ጊዜው ሄደብኝ ብለው ተጣድፈው ለብሰው ወጡ። በዝናቡ ምክንያት መንገድ ላይ ደህና አደሩ የሚላቸው ሰው እንኳ አልነበረም። በሩ ተዘግቶ አገኙት፤ ሰው ይመጣል ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ብዙ ቆይተው አንዲት ዳቦ የምትሸጥ ሴት አየቻቸው። «መምህር፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ገና ጠዋት እኮ ነው!»

ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ወሬው ገላን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ማርቲ ደውላ፣ «እሁድ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ልብስህን አዘጋጅ» ብላቸዋለች።

ደቻሳ ሁሉንም ነግሯት ሲሄድ መብሩካ ባልዲዎቿ መሀል ተቀመጠች። ሙአዊያ በዕድሜው አንድ ሰዓት አበላሽቶ ለባለቤቱ መልሶ አያውቅም። ቃሉን አደርሳለሁ ብላ የነካቻት አንዲት ሰዓት ግን አንድ ሰው ከቤቱ ልታስነቅል ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት መምህሩ ዘንድ ሄደች። መምህሩ አልጋቸው ላይ ሆነው ሸሚዝ እያጠፉ ነበር።

«መብሩካ ነሽ? ተቀመጪ። ሰዓትሽ ውሸታም ናት።»

«መምህር፣ እኔ ምን እንደማደርግ አላውቅም። የሚያውቀው እሱ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔም እኮ ሸሚዝ ማጠፍ አላውቅም። የምታውቀው እሷ ነበረች።» ሸሚዙን ጨብጠው ጣሉት። «ይልቅ እስቲ አብረሽኝ ስሚያት። ትናንት የመግሪብ አዛን ከመሰማቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ስድስት መታች። እናንተ መግሪብን በስድስት ሰዓት መስገድ ጀምራችኋል?»

መብሩካ ሳታስበው ሳቀች። ያን ጊዜ ሰዓቷ ጉሮሮዋን እንደ መጥረግ አለችና መደወል ጀመረች። ሁለቱም በጣታቸው ቆጠሩ።

«ዘጠኝ፤» አለች መብሩካ።

«ፊቷስ ምን ይላል?»

«ሦስት።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ። በአሥራ ሁለት ስድስት። በአንድ ሰዓት ሰባት።» መምህሩ በጣቶቻቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ቆዩ። «መብሩካ፣ ይቺ ሰዓት አልተበላሸችም። የምትቆጥረው በፈረንጅ ነው!»

መብሩካ ቀና ብላ አጭሩን ቆጣሪ አየች። ከዚያ ጣቷን አየች።

«እኔ ነኝ፤» አለች ቀስ ብላ። «አጭሩን ብቻ ወደ ማዶ ገፋሁት።»

ነገሩ ያን ጊዜ በራላት። ደወሉ ፊቷ ላይ የተጻፈውን አያይም። የራሱ ቆጠራ አለው፤ ዘጠኝ መትቶ ከሆነ ቀጥሎ አሥር ይመታል፣ ቆጣሪው የትም ይሁን የት። እሷ ለሚያይ ሰው የሰዓቷን ፊት አስተካክላ፣ ለማያዩት ሰው ድምፁን እንዳለ ተወችው።

«ስድስት እየቀነሱ ቢሰሙትስ?» አለች።

«በእንቅልፍ ልቤ ሂሳብ ልሥራ? እኔ እኮ አማርኛ ነው ያስተማርኩት።»

መብሩካ በርጩማውን ጎትታ ላዩ ላይ ወጣች። ሰዓቷን ይዛ ልትመለስና አዲስ አበባ አዋቂ ልትፈልግ ነበር ያሰበችው። ግን እጇ ሳጥኑን እንደነካ ሙአዊያ ትዝ አላት። የሚደውል ሰዓት ሲያስተካክል ከፊት ሆና ትነዘንዘው ነበር። ረጅሙን ቆጣሪ እየገፋ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ደውሎ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይገፋል፤ ደግሞ ይጠብቃል። ጆሮዋን እያመማት፣ «ለምን ዝም ብለህ አታዞረውም?» ስትለው፣ «ሰው እያወራ ታቋርጫለሽ እንዴ?» ይላት ነበር።

ስድስት ሰዓት ወደፊት ብትገፋው ደወሉም ስድስት ይቀጥላል። ዘጠኝ የነበረው ሦስት ላይ ይመጣል።

ረጅሙን ቆጣሪ ቀስ ብላ ገፋችው። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ሰዓቷ አሥር መታች። ጠበቀች። ገፋች፤ አሥራ አንድ። ገፋች፤ አሥራ ሁለት። እጇ ዛለ። አንድ መታች። መምህሩ ከሥር በርጩማውን በሁለት እጃቸው ይዘውላት፣ «አትቸኩይ፣ ትናገር» ይሏታል። ሁለት። ከዚያ ሦስት መታችና ዝም አለች።

አራት ሰዓት እስኪሆን ሻይ እየጠጡ ጠበቁ። ሁለቱም ያወሩ መሰላቸው እንጂ አላወሩም፤ ያዳምጡ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ሰዓቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስተኛ የለም።

«አልሐምዱሊላህ!»

«ሃሌሉያ! እንግዲህ የትኛው እንደሰራ እነሱ ይነጋገሩ፤» አሉ መምህሩ።

መብሩካ ደግሞ በርጩማው ላይ ልትወጣ ስትል ሰሟት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አጭሩን ልመልሰው። አሁን ደግሞ ፊቷ ነው የተሳሳተው፤ አሥር ይላል።»

«ተይው!»

«እንግዳ ሲመጣ ይሳሳታል እኮ መምህር።»

«ይሳሳት። ዓይን ያለው ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ እኔን ሰዓት ይጠይቀኝ።»

ሳቁ። ገነት ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ መብሩካ የሰማችው ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ ዕለት መጋረጃውን ገልጣ ቁልፎቹን ከሙአዊያ መሳቢያ አወጣችና አንድ በአንድ ሞከረቻቸው። የሄዱም አሉ፤ ጥቂት ሄደው የቆሙም አሉ፤ ጨርሶ እምቢ ያሉም አሉ። እምቢ ያሉትን ለብቻ አስቀመጠቻቸው። ደቻሳ ሲገባ ድምፁን ሰምቶ በሩ ላይ ቆመ። ቆቡን አወለቀ። የወትሮ ቀልዱን ተወ። «ገለቶሚ፣ አዴ» ብሎ ብቻ አለፈ፤ ለምን እንዳመሰገናት እሷም አልጠየቀችውም።

እሁድ ጠዋት የሰዓቷን ቁልፍ ላድርስ ብላ መምህሩ ቤት ሄደች። ቁልፉ ምክንያት ነው፤ ከማርቲ ፊት መሸሽ አልፈለገችም። ማርቲ ደርሳለች። ሹፌሩ ደጅ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል። ማርቲ ቀጭን፣ ፈጣን፣ እንቅልፍ ያልጠገበች የምትመስል ሴት ናት። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። መብሩካ ሰላም እንዳለቻት ማርቲ ግድግዳውን አየች።

«ይሄውና! አሥራ አንድ ሊል ነው! አባዬ፣ እየው እስቲ… ማለቴ፣ ይሄ ነው ቀንህን ያጠፋብህ።»

«ስንት ሰዓት ነው ብለሽ ጠይቂኝ፤» አሉ መምህሩ።

«አባዬ፣ ሹፌሩ እየጠበቀ ነው።»

«ጠይቂኛ።»

«እሺ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ጉሮሮዋን አልጠረገችም ገና።»

ማርቲ ስልኳን አውጥታ አየች። ወዲያው ሰዓቷ መደወል ጀመረች፤ ማርቲ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። አምስት ላይ ሲያበቃ ስልኩንና ግድግዳውን እያፈራረቀች ተመለከተች። የፋብሪካዋ ፈረቃ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ የሰዓቷ ፊት የሚለው አሥራ አንድ ያው የእሷው አሥራ አንድ ነው።

«ሁለቱም ልክ ናቸው እንዴ?»

መብሩካ ነጠላዋን አስተካክላ ወደፊት ራመድ አለች።

«እህቴ፣ የሐሙሱ ጥፋት የእኔ ነው። አባትሽ አልተሳሳቱም። እኔ ሳላውቅ ቆጣሪዋን ገፍቼ ሰዓቷ ሰባት ብላ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም አመኗት። ሰባት የሰማ ሰው ለስምንት መዘጋጀቱ ልክ ነው። ባለቤቴ ቢኖር ይህ አይደርስም ነበር።»

ማርቲ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። አባቷ ቀጠሉ።

«ትናንት ሌሊት ነቃሁ። ስምንት መታች። ዝናቡም ውሻውም ሌሊት መሆኑን መሰከሩልኝ። ተገላብጬ ተኛሁ። አንድ ስትመታ ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ። ከትናንት ወዲያም እንደዚሁ። ይኸው ነው ማርቲዬ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ማርቲ አልጋው ላይ ከሻንጣው አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ሸሚዝ አነሣች፤ አጣጠፉን አይታ ፈታችውና እንደገና አጠፈችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የሴት የእጅ ሰዓት ነው፤ ማሰሪያው ተበልቷል።

«የእማዬ ናት፤» አለች ለመብሩካ። «ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት እዞራለሁ። እሷ ከሞተች ጀምሮ ቆማለች። እርስዎ ይሠሩታል?»

መብሩካ፣ ‹የሚሠራው ባለቤቴ ነበር› ልትል አፏን ከፈተች። ሰዓቷን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አስጠጋቻት። ምንም አይሰማም። መሳቢያው ውስጥ ያሉት መፍቻዎች፣ ወረንጦዎቹ፣ ማጉያው ትዝ አሏት።

«ልየው፤» አለች። «እሠራለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ልየው ግን።»

«እሺ። የሚመጣው እሁድ መጥቼ እወስዳታለሁ።» ማርቲ ተነሥታ ሻንጣውን ዘጋችና ከአልጋው ሥር በእግሯ ገፋችው። «እንዲያው ካልደረሰም ችግር የለም፤ በሚቀጥለው እመጣለሁ። አይቸኩሉ።»

ለሹፌሩ ልትነግረው ወጣች። መምህሩ የእግሯ ድምፅ ከደጅ እስኪርቅ ጠበቁና ወደ መብሩካ ዘንበል አሉ።

«ሰማሽ?» አሉ በሹክሹክታ። «አትቸኩይ ተብለሻል። ዓመት ፍጂባት።»